የካሚዮን ማቆሚያው ግምት

ሮቢት ላይ ጣሊያን ላሠራው የካሚዮን ማቆሚያ ግምቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ገጽ ነበር። ጽሕፈቱ የእኔ፣ ቁጥሩ የእኔ፣ ስህተቱም የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ጥፋቱን ለዝናቡ ወይም ለጣሊያኑ ሰጥቼ እንዳላመልጥ ብዬ ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ግመል ነጂ ነበርና ለአካለ መጠን ስደርስ ተከትዬው አሰብ ወረድኩ። እሱ ጨው ጭኖ ሲመለስ እኔ እዚያው ቀረሁ። ወደቡ ላይ ድንጋይ ከሚጠርቡ ሰዎች ጋር ስድስት ዓመት ስሠራ ጣሊያንኛም፣ በሜትር መለካትም፣ ቁጥር መደመርና ማባዛትም ለመድኩ። አባቴ ሲሞት ሮቢት ወዳለችበት አገሬ ወደ ቀወት ተመልሼ አገባሁ። የሚስቴ አባት ማሽላ አራሽ ነበሩ፤ ስምንት ግመሎችም ነበሯቸው። ልጃቸውን ሲሰጡኝ በጥሎሽ አላስጨነቁኝም። የእጅ ሙያ ያለው ሰው ቤቱን አያስርብም ብለው በሽማግሌዎች ፊት መረቁኝ።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ አሰፋው። ከጣርማ በር ቁልቁለት ፍሬናቸው ግሎ የሚወርዱት ካሚዮኖች ሮቢት ሲደርሱ ይቆማሉ። ሾፌሮቹ ከወንዙ ውሃ ይቀዳሉ፣ ሞተር ያበርዳሉ፣ ያድራሉ። የሚቆሙበት ቦታ ግን ባዶ ሜዳ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ጎማቸው ጭቃ ውስጥ እየሰጠመ በበሬ ሲጎተቱ አየን። ሰዉ ዳር ቆሞ ይስቅ ነበር፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ።

በተከታዩ በጋ አንድ ቀጭን፣ ወባ ያገረጣው ጣሊያን መሐንዲስ መጣ። ሜዳው አርባ ሜትር በሃያ አምስት ሆኖ አስፋልት እንዲለብስ ታዟል አለ። አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ትልልቅ ድንጋይ ይደረደራል፣ በላዩ ጠጠር ይፈስሳል፣ በመጨረሻ ሬንጅ ይለብሳል። ሬንጁንና መዳመጫውን እነሱ ያቀርባሉ። ቁፋሮው፣ ድንጋዩ፣ ጠጠሩና የሰው ጉልበቱ ግን በአንድ ዋጋ ተቆርጦ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ደሴ የሚኖር አንድ ግሪክ ሥራውን ይፈልገዋል፤ አንተም ከፈለግህ በሦስት ቀን ውስጥ ዋጋህን ጽፈህ አምጣ አለኝ።

ለጣሊያን መሥራት በዚያ ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ከአርበኞቹ ጋር ወደ ደጋው የወጡ ዘመዶች ነበሩኝ፤ ለጣሊያን ሠርቼ እንደምበላ ሲሰሙ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ያን ዓመት አንበጣ ማሽላውን ጨርሶት ነበር፣ ልጃችንም ገና ጡት አልጣለችም። ድንጋይ መጥረብ እንጂ መተኮስ አልተማርኩም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፈተናው ራሱ ስቦኛል። አሰብ ላይ ስድስት ዓመት የሌላውን ሰው ድንጋይ ስጠርብ ነው የኖርኩት፤ በራሴ ስም ሥራ ይዤ አላውቅም።

ግምቱን ለማውጣት ሁለት ቀን ሜዳውና ወንዙ መካከል ተመላለስኩ። አንድ አህያ በአንድ ጉዞ ስንት ድንጋይ እንደምትጭን ቆጠርኩ። ሰዓቱን በጥላዬ እየለካሁ አህያዋ በቀን ስንቴ ከወንዙ ደርሳ እንደምትመለስ አሰላሁ። አንድ ሜትር ቁልል ጠጠር ለመፍጨት ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ከአሰብ አስታወስኩ። ድንጋይ ሲዳመጥ እንደሚወርድ አውቄ በሲሶ ጨመርኩበት። ይህን ሁሉ በትክክል ነው ያደረግሁት። ከዚያ አፈሩን ለማወቅ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ አንድ ጉድጓድ፣ በመንገዱ በኩል። ከጉልበት በታች ጠንካራ ኮረት ወጣ። ደስ አለኝ።

ጉድጓዱን የቆፈሩልኝ የውሃ ጉድጓድ በመቆፈር የኖሩ አንድ አርጎባ ሽማግሌ ነበሩ። ወጥተው አፈራቸውን እያራገፉ ወደ ሜዳው ታችኛው ጫፍ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«በዚያ በኩልም ቆፍር ልጄ» አሉኝ። «በበጋ እዚያ መሬቱ ይሰነጠቃል። ዋልካ ነው፤ ታችህን ሳታይ አትተማመንበት።»

ነገ ቀኑ ያልቃል፣ የግሪኩ ወረቀት ቀድሞኝ ይሆናል አልኳቸው። እሳቸውም አልጨቀጨቁኝም። ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ። በማግስቱ ግማሽ ቀን ብሰጠው ኖሮ ይበቃ ነበር። ይህን ግማሽ ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ግሪኩን ለመብለጥ ብዬ ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ሳላስቀምጥ ዋጋዬን ዝቅ አደረግሁ። ሥራው ለእኔ ሆነ። ክፍያው በሦስት የሚከፈል ነው፤ አንዱ ሥራው ሲጀመር፣ አንዱ ድንጋዩ ሲደረደር፣ የመጨረሻው ሬንጁ ሲለብስ። ውሉ ላይ ዋስ ይጠየቅ ነበር። ሰኔ ሳያልቅ ካላስረከብኩ ወይም ሥራው ከተበላሸ ዋሱ ይጠየቃል። ንብረት አስይዞ ዋስ ሊሆነኝ የሚችል ዘመድ ከአማቴ በቀር አልነበረኝም። ስምንቱን ግመሎች አስመዝግበው ጣታቸውን በቀለም ነክረው ፈረሙልኝ። ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ እንኳ አላስነበቡኝም።

ጥር ላይ ጀመርን። አርባ ያህል ሰው ቀጠርኩ፤ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በራሳቸው አህያ ድንጋይ ያመላልሱ ነበር። ሚስቴም ልጃችንን አዝላ ከእነሱ ጋር ጠጠር ትለቅም ጀመር። የመጀመሪያው ችግር የመጣው በወሩ መጨረሻ ነው። ጣሊያን የሚከፍለኝ በወረቀት ሊሬ ነበር፤ እኔም የሰዉን ደሞዝ በሊሬ ነው ያሰላሁት። አጣዬ ገበያ ላይ ግን እህል ነጋዴው ሊሬውን አይቶ ፊቱን ያዞራል። የሚፈልገው ማርትሬዛ ብር ነው። ሴቶቹ ወረቀቱን ይዘው ሄደው ባዶ አቁማዳ ይዘው ተመለሱ። ከመካከላቸው ትልቋ፣ እትዬ የምንላት ባሏ የሞተባት ሴት፣ ተቆጥታ አልነበረም የመጣችው። ወረቀቶቹን እጥፍ አድርጋ በእጄ መለሰችልኝ፤ ልጆቼ ይህን አይበሉትም አለችኝ። ልክ ናት። ሊሬውን በብር የሚመነዝሩ ሰዎች ነበሩ፤ በስንት እንደሚመነዝሩ ግን እነሱ ናቸው የሚቆርጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሞዙን በብር ከፈልኩ፤ ትርፌ በዚያው አለቀ። ሰዉ ሳይበደል እኔ ያለ ትርፍ ብወጣ ምን አለበት አልኩ። እስከዚህ ድረስ ገና እተኛ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ቁፋሮው ወደ ታችኛው ጫፍ ደረሰ። በመንገዱ በኩል በጉልበት ጥልቀት የተገኘው ኮረት እዚያ የለም። ዶማው ጥቁር፣ ቅባት ያለው የሚመስል ዋልካ ያወጣል። እስከ ወገብ ቆፈርን፣ ዋልካ ነው። እስከ ደረት ስንደርስ ነው ኮረቱ የተነካው። እዚህም እዚያም ቆፍረን ስናይ ከሜዳው ሲሶ የሚሆነው እንዲህ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ቆምኩና ጠርዙን በሜትር ለካሁ። ከዚያም እዚያው ቁጭ ብዬ በእንጨት አፈሩ ላይ አሰላሁት። ያልተገመተው ዋልካ ወጥቶ በቦታው ድንጋይ ቢሞላ የሚፈጀው ጉልበትና ድንጋይ የሦስት ጥሩ ግመሎች ዋጋ ነበር። ደግሜ አሰላሁት፤ ያው ሆነ። እኔ ዘንድ የአንድ ግመል እግር የሚገዛ አልነበረም።

ወደ መሐንዲሱ ሄጄ ነገርኩት። መጥቶ አየ። ጉድጓድ ስንት እንዳስቆፈርኩ ጠየቀኝ፤ አንድ አልኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለታችኛው በኩል ተጨማሪ እንዲከፈልህ አደርጋለሁ፣ አንተ ቁፋሮህን ቀጥል አለኝ። ይህን በአፉ ነው የነገረኝ። እኔም ወረቀት ስጠኝ ለማለት አፈርኩ፤ ሰው ቃል ሲሰጥህ ወረቀት መጠየቅ በእኛ ዘንድ ስድብ ነው። በስድስተኛው ቀን ወባው ተነሣበት። በካሚዮን ላይ በአንሶላ ተጠቅልሎ ወደ ደሴ ሲወሰድ አየሁት። ይሙት ይዳን አላውቅም፤ አልተመለሰም።

በእሱ ቦታ የመጣው አዛዥ ውሉን አውጥቶ አነበበ። ስለ ተጨማሪ ክፍያ የሚናገር ቃል የለም አለ። መሐንዲሱ ቃል እንደሰጠኝ ነገርኩት፤ የታመመ ሰው ብዙ ነገር ይናገራል አለኝ። ሰኔ ሳያልቅ ካላስረከብክ ደግሞ ለሽፍቶቹ ብለህ እንዳዘገየህ እቆጥረዋለሁ አለ። ሽፍታ የሚሉት አርበኞቹን ነው። እንዲህ ተብሎ የታሰረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሮቢት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በደንብ አላስታውሳቸውም። ምግብ ይቀርብልኛል፣ አልበላም። ሚስቴ ምን ሆነሃል ትለኛለች፣ ፀሐዩ ነው እላታለሁ። አንድ ቀን ለአማቴ ልነግራቸው ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ግመሎቹን ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ሥራው እንዴት ነው ልጄ አሉኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው አልኳቸው። ስምንቱ ግመሎች በረድፍ አንገታቸውን ዘርግተው ሲጠጡ እያየሁ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? መርቀው ሸኙኝና ተመለስኩ።

መፍትሔውን ያመጣልኝ አብሮኝ አሰብ የሠራ አንድ ግንበኛ ነው። የዋልካውን ግማሽ ብቻ አውጥተን ድንጋዩን በላዩ እንደርድር፣ ሬንጅ ከለበሰ በኋላ ማን ይገልጠዋል አለ። በሰኔ ይረከቡሃል፣ ገንዘብህን ትቀበላለህ፣ ግመሎቹ ይፈታሉ። እምቢ አልኩት። በማግስቱም እምቢ አልኩት። በሦስተኛው ቀን ዝም አልኩ፤ እሱም ዝምታዬን እሺ ብሎ ወሰደው። እኔም እንዲወስደው ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ሬንጁ በበርሜል መጣ። በዚያ ሙቀት በርሜሉ ሥር እሳት አንድደን በረጅም ማንቆርቆሪያ ስናፈስ የሰዉ እግር ይላጥ ነበር። መዳመጫው ሲያልፍበት ታችኛው በኩል እንደ ፍራሽ ረገብ ብሎ ሲመለስ አየሁት። አዛዡ መንገዱ ዳር ጥላ ሥር ስለነበር አላየውም። ሰኔ ሳያልቅ ተረከቡኝ። ሚስቴ አለቀ? አለችኝ። አለቀ አልኳት። ያን ጊዜ ጥቁሩ ሜዳ በእርግጥ ያምር ነበር፤ ሰዉ ጫማውንና እግሩን እየጠረገ ሊያየው ይመጣ ነበር።

የሐምሌ ዝናብ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳያቋርጥ ወረደ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። አስፋልቱ በመጀመሪያ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ። ዱቄት የጫነ ካሚዮን የኋላ ጎማው ሰጥሞ ወደ ጎን ዘመመና ወደቀ። ሾፌሩ ክንዱ ተሰበረ፤ ሰው ባለመሞቱ አላህን አመሰገንኩ። እኔ ያን ቀን ማጀቴ ገበያ ነበርኩ፤ ለቤታችን እህል ልገዛ ሄጄ። ካራቢኜሪዎቹ፣ የጣሊያን ፖሊሶች፣ ቤቴ መጥተው ሲያጡኝ ወደ ዋሱ ሄዱ። አማቴን ከእርሻቸው ላይ ወሰዷቸው። ግመሎቹንም ነዱ።

ወሬውን መንገድ ላይ የሰማሁት አህያ ከሚነዱት ሴቶች ነው። ወደ ደጋው ማምለጥ እችል ነበር፤ መንገዱ በቀኜ ነው። ይህን አሰብኩት፣ አላሰብኩትም ብዬ አልዋሽም። እህሉን ለሴቶቹ ሰጥቼ ለሚስቴ አድርሱልኝ አልኩና በራሴ እግር አዛዡ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌውን ፍቷቸው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ከሽፍቶቹ ማን አዘዘህ አለኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ገንዘብ አጥሮኝ ነው አልኩት። ብዙ ጠየቀኝ፣ ጅራፍም ነበረበት፤ እሱን ልተወው። በመጨረሻ እንዲህ ቆረጠ። የታችኛውን በኩል በገዛ ኪሴ አፍርሼ እስከ ኮረቱ ቆፍሬ እስክሞላው ድረስ አማቴ ይታሰራሉ። ግመሎቹ ለተሰበረው ካሚዮንና ለዱቄቱ ካሣ ተወርሰዋል።

አማቴ የታሰሩት የሬንጅ በርሜል በሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት ነው። የሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ሲያባራ ቤቱ ይግላል፣ የሬንጁ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ለውዱእ ውሃ ስለማይሰጧቸው በተየሙም ይሰግዱ ነበር፤ አፈሩ ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ በቆርቆሮው ቀዳዳ አያለሁ። የምቆፍርበት ቦታ ከዚያ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ሳላቸው ሲጀምር ሰማሁ። ሲብስም ሰማሁ።

የመጨረሻው ክፍያ በሰዉ ደሞዝ አልቆ ሠራተኛ ለመቅጠር ቤሳ የለኝም። ግንበኛው ጓደኛዬ ካሚዮኑ በወደቀ ዕለት ጠፍቷል። እኔና ሚስቴ ብቻ ጀመርን። አስፋልቱን በዲጂኖ ፈነቀልን፣ ድንጋዩን አወጣን፣ ከዚያ ዋልካው መጣ። እርጥብ ዋልካ አካፋ አይለቅም፤ በእጅ እየላጥን በቅርጫት እናወጣለን፣ ማታ ያወጣነውን ያህል ውሃ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቀናል። በአምስተኛው ቀን ሚስቴ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመች ቅርጫቷን አስቀመጠች።

«እንደሚሰጥም ቀድመህ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

ቅርጫቷን ሞልታ አነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከምንጨርስ ድረስ ከሥራ በቀር አላነጋገረችኝም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ስንደርስ እትዬ ከአህያዋ ጋር ቆማ አገኘናት። ከኋላዋ ሌሎቹ ሴቶች አሉ፣ ከወንዶቹም አሥር ያህል። የምከፍለው የለኝም አልኳት። አንተን ብለን አይደለም የመጣነው አለችኝ፤ ጣሊያኑንም ብለን አይደለም፤ ሽማግሌው ቆርቆሮ ውስጥ እየሳሉ እኛ እህላችንን ስንፈጭ ልንውል ነው ወይ? እንዲህ ብላ ቀሚሷን ወደ ላይ አሸርጣ ጉድጓዱ ገባች። አርጎባው ጉድጓድ ቆፋሪም መጡ። ዋልካው ውስጥ ውሃው የሚሸሽበት ቦይ እንዴት እንደሚወጣ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ነግሬህ ነበር የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ኮረቱ ላይ ቆመን ድንጋይ መሙላት ጨረስን። አዛዡ መጥቶ በብረት ዘንግ እየወጋ ፈተሸ። ከዚያ ቆርቆሮ ቤቱን አስከፈተ። አማቴ በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። ብርሃኑ አስቸግሯቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ለጊዜው ቆሙ። ልጃቸው እግራቸው ላይ ወደቀች። እኔ አልቀረብኩም፤ መቅረብ የሚገባኝ አልመሰለኝም። አህያ ላይ አስቀምጠን ወደ ቤታቸው ወሰድናቸው።

ሳምንት ያህል ቆይተው አስጠሩኝ። በደጃቸው ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ የግመሎቹ ማሰሪያ ካስማዎች ባዶ ናቸው። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ሄድኩ፤ ዝግጁ ነበርኩ። ቁጭ በል አሉኝ። ሲስሉ ጠበቅኳቸው።

«ያ ዋልካ መጀመሪያ ሲወጣ፣ ለማውጣት ስንት ይፈጅ ነበር?» አሉኝ።

ማንም እስከዚያ ቀን ይህን አልጠየቀኝም። «የሦስት ግመል ዋጋ» አልኳቸው።

በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆጠሩ። ረጅም ጊዜ የፈጀባቸው መሰለኝ።

«አምስት ይቀረን ነበር» አሉ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍሬ ነው አባባ» አልኳቸው። እውነት ነው። ውሃ ሲያጠጡ ባገኘኋቸው ዕለት አፌን ብከፍት ኖሮ ሦስቱን ሸጠው ሥራውን እስከ ኮረቱ ያስጨርሱኝ ነበር። ግምቴ ውስጥ አህያዋ የምትሄድበትን ጥላ ሳይቀር ቆጥሬያለሁ። እኚህን ሰው ግን፣ ምን ያህል ሊሸከሙልኝ እንደሚችሉ፣ አልቆጠርኳቸውም።

አልረገሙኝም። እጄን ያዙና ደከመኝ አሉ፤ ደግፌ አስገባኋቸው። ሳሉ ግን ደረታቸውን አልለቀቀም። በሚቀጥለው የማሽላ አጨዳ ሰሞን አረፉ። ማሳቸውን እኔ አጨድኩት። ሚስቴ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አርባ ዓመት ኖራለች፤ ልጆችም ወልደናል፤ መልካም ሴት ነበረች። በመካከላችን ስለዚያ ክረምት ተነሥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሸምግለን፣ አንዱ ልጃችን ለያዝኩት የቤት ግንባታ ዋስ ሁኑልኝ ብሎ ሲመጣ፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ። ስንት ጉድጓድ እንዳስቆፈረ ጠየቀችው።